ዶሮዎች የፈተኑኝ ዕለት

ትናንት ከምሳ በኋላ፣ የመምህራን ክፍል ጠረጴዛ ላይ ክንዴን ተንተርሼ፣ ዓለምን እንደ ካልሲ ተገልብጦ አየሁት። የቀን ሕልም አይፈታም፣ ቅዠት ነው ይላሉ። ይበሉ። እኔ ግን እስከ አሁን ፊቴ ይግላል፤ ለሰው ተናግሬ ልገላገለው።

አስቀድሜ እንቅልፍ ሳይወስደኝ የነበረውን ልናገር። ስሜ ጌጡ ይባላል። በዚህች የወሎ ከተማ ሃያ ስድስት ዓመት አማርኛ አስተምሬአለሁ። ከፈጣሪ የተሰጠኝ ብዙ ነገር የለም፤ የእጅ ጽሑፌ ግን ያምራል። በትምህርት ቤታችን የምስክር ወረቀት ላይ ስም የምጽፈው እኔ ነኝ። የሠርግ መጥሪያ ያለው ሰው ፖስታውን ተሸክሞ ቤቴ ድረስ ይመጣል። «የጌጡ እጅ እኮ ማተሚያ ቤት ነው» ሲሉኝ እንዳልሰማ ሰው ወደ መስኮቱ እዞራለሁ። እሰማለሁ ግን።

አሥረኛ ክፍል ውስጥ ረውዳ ይመር የምትባል የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ አለች። በአፍ ጠይቋት፤ ከክፍሉ ሁሉ ቀድማ ትመልሳለች። ተረት ስትነግሯት እናንተ ሳትጨርሱ ፍሬ ነገሩን ትይዘዋለች። እጇ ግን አይታዘዛትም። እስክሪብቶ ስትጨብጥ ጣቶቿ ይደርቃሉ፤ አንዱ ፊደል መስመር ላይ ቢያርፍ ሌላው ከመስመር በታች ይወድቃል፤ ጓደኞቿ አንድ ገጽ ሲጨርሱ እሷ ሁለተኛው መስመር ላይ ናት። አምና አንድ ቀን ደብተሯን ለክፍሉ ከፍ አድርጌ አሳየሁና «ይህን ደግሞ የትኛዋ ዶሮ ናት የጫረችው?» አልኩ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስሟ ዶሮ ሆነ፤ በኮሪደር ስታልፍ ልጆቹ «ቁቁቁ» ይሏታል። አምና በእኔ ትምህርት ወድቃ ክፍል ደገመች። ዘንድሮም ከወደቀች ዓረብ አገር ያለችው አክስቷ «ፓስፖርት አውጡላት» ብላለች።

ነገሩን ያነሣችው የልዩ ፍላጎት መምህርታችን አያልነሽ ናት።

«ጋሽ ጌጡ፣ ይህ ስንፍና አይደለም» አለችኝ። «በማጠቃለያው ፈተና ግማሽ ሰዓት ይጨመርላት፤ የምትናገረውን የሚጽፍላት አንድ ሰው ይመደብላት። ሌላ ምንም አልጠየቅንም።»

«ዛሬ ሰው ከጻፈላት ነገ ሰው ይኑርልኝ ልትል ነው።»

«ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉትን አላዩም? እዚያ የሚጻፍለት ሰው ሁሉ መኖር አቅቶት ነው እንዴ?»

መልስ ሳጣ እንደ ልማዴ «አስብበታለሁ» አልኩ። ረውዳ በበኩሏ ማመልከቻ ሞልታ መዝገብ ቤት ታስገባለች፤ የእኔ ድርሻ «የመምህር አስተያየት» በምትል ቁራጭ ወረቀት ላይ ሦስት መስመር መጻፍ ብቻ ነበር። ሁለቱ ካልተያያዙ ድጋፍ የለም። ያቺን ወረቀት ዘጠኝ ቀን መሳቢያዬ ውስጥ አሳደርኳት። ትናንት የመጨረሻው ቀን ሆነ፤ መዝገብ ቤት የሚቀበለው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ምሳዬን በላሁ፣ ወረቀቷን ዘረጋሁ፣ የእስክሪብቶዬን ክዳን ከፈትኩ። ከዚያ ዓይኔ ከበደኝ።

ራሴን የትምህርት ቤቱ በር ላይ አገኘሁት። ዝናቡ ከመሬት ወደ ሰማይ ይዘንባል፤ መንገደኛው ሁሉ ጃንጥላውን ገልብጦ እግሩ ሥር ይዞ ይሄዳል። እኛ መምህራን ሰማያዊ ሹራብ ለብሰን፣ ደብተራችንን በፌስታል አንጠልጥለን ተሰልፈናል። ተማሪዎቹ አርጩሜ ይዘው ጥፍራችንን ያያሉ። የሒሳቡን መምህር አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ጆሮውን ይዛ «ወላጅህን ካላመጣህ አትገባም» ትለዋለች፤ እሱም «ወላጆቼ ሞተዋል» ይላል፤ እሷም «እሱን ሲመጡ ይናገሩ» ትለዋለች። ርእሰ መምህራችን ጠጉሯን ለሁለት ተጎንጉና ግቢው መሀል ሰኞ ማክሰኞ ትጫወታለች። በአንድ እግሯ ስትዘል «መስመር ነካሽ!» ብለው ጮኹባት፤ አለቀሰች።

ዘበኛው ቁመተ መለሎ አውራ ዶሮ ነበር። ካፖርት ደርቧል።

«መታወቂያ» አለኝ።

ሰጠሁት። በአንድ ዓይኑ አየው፣ አንገቱን አዙሮ በሌላው ዓይኑ አየው።

«ምን ይላል?»

«ጌጡ ይላል።»

«የቱ ጋ?»

«እዚህ ጋ።»

«እኔ የማየው ቀጥ ቀጥ ያለ እንጨት ነው። ይህ ስም ነው ወይስ አጥር?»

«ስሜ ነው ጌታዬ። ራሴ ነኝ የጻፍኩት።»

«አይዞህ» አለኝ፤ በክንፉ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። «ስም የለሽ ብለን እናስገባሃለን። እንዳንተ ያሉ ሌሎችም አሉ።»

ገባሁ። ግድግዳው ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ የክፍሎቹ በር ላይ ቁጥር ተጽፏል፤ የመጸዳጃ ቤቱ በር ላይ የወንድና የሴት ተለይቷል፤ ሁሉም ግን ጭረት ነው። ከላይ ወደ ታች የተጫረ፣ ተሰብሮ የተቀጠለ፣ ከመስመሩ ወጥቶ ሄዶ ሄዶ ጥግ ላይ የተኮማተረ። ሰዎች እየቆሙ ያነባሉ፤ «አቤት እጅ! አቤት አጣጣል!» ይላሉ። እኔ አንዲት ፊደል መለየት አቃተኝ። ሽንቴ መጥቶ ነበር፤ የቱ በር የኔ እንደሆነ ብጠይቅ ይስቁብኛል ብዬ ይዤው ቆምኩ። አንዲት ሕፃን እናቷን «እማዬ፣ ይህ ሰውዬ ማንበብ አይችልም?» አለቻት። እናቷም «ዝም በይ፣ ይሰማሻል» አለቻት። ሰማሁ።

አንዱን በር በዘፈቀደ ስገፋው ገበያ ላይ ወጣሁ። ዓመት በዓል ደርሷል መሰለኝ፤ ግርግሩ ሌላ ነው። ሻጮቹም ገዢዎቹም ዶሮዎች ናቸው። የሚሸጠው ሰው ነው። እኔም እግሬ ተጠፍሮ፣ ከአንድ ከረባት ካሰረ ወፍራም ኃላፊ ጋር ጥንድ ሆኜ ቁልቁል ተንጠልጥያለሁ። ኃላፊው በተንጠለጠለበት ስልክ ያወራል፤ «ስብሰባ ላይ ነኝ» ይላል።

አንዲት ገብስማ ዶሮ ዘንቢሏን ክንፏ ሥር ሸጉጣ መጣች። ጎኔን ጨበጠችው። ጠጉሬን እፍ ብላ ቆዳዬን አየች።

«ከሲታ ነው» አለች።

«ሥጋው ባይኖርም ጨዋ ነው እመቤቴ» አለች ሻጯ።

«ምን ይሠራል?»

«ይጽፋል።»

«ይጭራል ማለትሽ ነው?»

«የለም፤ አይጭርም። ይጽፋል።»

ገብስማዋ ደንግጣ እጇን ማለቴ ክንፏን አፏ ላይ አደረገች። «ወይ ጉድ! ከነነፍሱ? ወላጆቹስ ያውቃሉ?»

«ያውቃሉ። እንዲያውም ይኮሩበት ነበር ይባላል።»

«ለበዓል አይሆነኝም» አለች፤ እግሬን ለቀቀችው። «ልጆቼ እንዲህ ያለ ነገር ቢበሉ ምን ይሆናሉ? ለፈተና ውሰዱት።»

ስወድቅ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ወደቅሁ። ዳኞቹ ጥቁር ካባቸውን ድንጋይ ላይ አንጥፈው፣ ጃንጥላ ሥር ተደርድረው ማመልከቻ ይጽፋሉ። አንድ የጋሪ አህያ ከፍ ባለ ወንበር ላይ ተቀምጦ ባለጋሪውን ይከሳል። «ቃሌን እንዳታሳምረው» ይላል ዳኛውን። «እንዳልኩህ ጻፍ። 'ዳገት ላይ ጫነኝ' ነው ያልኩህ። 'በዳገታማ ሥፍራ ላይ ጭነት ጫነብኝ' ማን አለህ?» ዳኛው «ይቅርታ ጌታዬ» እያለ ይሰርዛል።

ተራዬ ደረሰ። አንድ ሽማግሌ ዳኛ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው «ምን ልጻፍልህ?» አሉኝ።

«ፈተና አለብኝ። ጽሑፌ አይነበብም። ሰዓት ይጨመርልኝ፣ የምናገረውንም ሰው ይጻፍልኝ ብለው ይጻፉልኝ።»

«ሕመምህ ምንድን ነው?»

አፈርኩ። ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብዬ «ጽሑፌ ያምራል» አልኳቸው።

ዳኛው እስክሪብቶውን አስቀመጡት። አህያው እንኳ ክሱን ትቶ ወደ እኔ ዞረ።

«ከልጅነትህ ጀምሮ ነው?»

«ከልጅነቴ።»

«አልመቱህም?»

«ያጨበጭቡልኝ ነበር።»

«ምስኪን» አሉ ዳኛው፤ ዓይናቸውን ጠረጉ። «እሺ፣ እጽፍልሃለሁ። ግን ተስፋ አታድርግ። እዚያ ያሉት ኮሚቴዎች ልባቸው ደረቅ ነው። አንዱማ ወረቀት ዘጠኝ ቀን ያሳድራል አሉ።»

ማን ነው እሱ ብዬ ልጠይቅ ስል ደወል ተደወለ፤ አየሁ፣ ፈተና አዳራሽ ውስጥ ተቀምጫለሁ። ዴስኩ የአንደኛ ክፍል ልጆች ነው፤ ጉልበቴ አገጬን ይነካኛል። ከፊት መድረኩ ላይ ሰባት ዶሮዎች ቆጥ ላይ እንደሚወጡ ሆነው በአንድ ረጅም እንጨት ላይ ተደርድረዋል፤ የፈተና ኮሚቴው ናቸው። መሀለኛዋ መነጽሯን በሰንሰለት አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች። ከኋላዬ አዳራሹ ሞልቷል፤ ያስተማርኳቸው ልጆች ሁሉ፣ ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት የነበሩት ሳይቀሩ፣ ባል ያገቡት፣ ሹፌር የሆኑት፣ አንዱማ ቄስ ሆኖ ጥምጥሙን እንዳደረገ።

ወረቀቱ ላይ ያለው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር። በሕልም ነውና እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ እሱን ብቻ ማንበብ ቻልኩ። «በእነዚህ ዘጠኝ ቀናት ስለ ረውዳ ይመር ምን አሰብክ? አብራራ። መቶ ነጥብ።»

ቀላል ነው አልኩ በልቤ። እስክሪብቶዬን አነሣሁና በሕይወቴ ጽፌ የማላውቀውን ያማረ ጽሑፍ ጻፍኩ። «የተማሪዋን ጉዳይ በጥሞናና በኃላፊነት ስሜት ስመለከት ቆይቼ» ብዬ ጀመርኩ። እያንዳንዱ ፊደል እንደ ሙሽራ ቆመ። ገጹን ሞላሁት፤ አዙሬ ጀርባውንም ሞላሁት።

ባለመነጽሯ ወርዳ መጣች። ወረቀቱን በምንቃሯ አንስታ ለብርሃን አየችው፤ ገለበጠችው፤ ለጓደኞቿ አሳየቻቸው።

«ባዶ ነው» አሉ።

«ባዶ አይደለም! ሞልቼዋለሁ!»

«ይህ ጥልፍ ነው ልጄ» አለችኝ፤ በቁጣ አይደለም። «ቆንጆ ጥልፍ ነው። መልሱ ግን የት አለ? ና፣ ሰሌዳው ላይ ጻፈውና ሁሉም ይየው።»

«ሰሌዳው ላይ ይቅርብኝ።»

«ለምን? የሌላውን ለክፍሉ ስታሳይ ጥሩ ነበር እኮ።»

ወጣሁ። ጠመኔውን ያዝኩ። ስጽፍ ከኋላዬ አንድ ሰው ሳቁን ሲያፍን ሰማሁ፤ ከዚያ ሁለት ሆኑ፤ ከዚያ አዳራሹ ሁሉ ፈነዳ። «ማተሚያ ቤት! ማተሚያ ቤት!» ይላሉ። ቄሱ ሳይቀር በመቋሚያው ወለሉን እየመታ «ማተሚያ ቤት!» ይላል። ሃያ ስድስት ዓመት በልቤ ደብቄ ስጠጣው የኖርኩት ምስጋና፣ እሱ ራሱ፣ አንድ ቃል ሳይለወጥ፣ እንደ እንቁላል ፊቴ ላይ ይፈርጣል። ጠመኔው ወደቀብኝ። ላነሣው ጎንበስ ስል ያቆየሁት ሽንት አመለጠኝ።

«እለምናችኋለሁ» አልኩ፤ ያለሁት እንደተጎነበስኩ ነው። «እናገራለሁ፤ አፌ ደህና ነው። ጥቂት ሰዓት ጨምሩልኝ፤ አንድ ሰው ይጻፍልኝ።»

ባለመነጽሯ ጉሮሮዋን ሁለት ጊዜ አጸዳች። እንደሱ የማጸዳው እኔ ነኝ። ስትናገር ድምጿ የእኔ ድምፅ ነበር።

«ዛሬ ሰው ከጻፈለት፣ ነገ ሰው ይኑርልኝ ሊል ነው።»

ሰባቱም አንገታቸውን ነቀነቁ። አንዷ ወረቀቴን ለጎጆዋ ጉዝጓዝ ልታደርገው አጣጠፈችው።

ያኔ ከኋላ ረድፍ አንድ ሰው ተነሣ። በዚያ አዳራሽ ያልሳቀች እሷ ብቻ ነበረች። ረውዳ ናት፤ ሻርፗን ወደ ኋላ ጥላ፣ ያቺኑ የተጣፈች ሹራቧን ለብሳ። ዶሮዎቹ ሲያዩዋት ከእንጨቱ ወርደው ቆሙ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ግድግዳው ላይ ያለው ማስታወቂያ፣ የበሮቹ ቁጥር፣ ሰው ሁሉ «አቤት እጅ» ያለለት ጽሑፍ የእሷ ነበር።

«እኔ እጽፍለታለሁ» አለች። «ይገባዋል።»

«እመቤት ረውዳ፣ እርስዎ ለእንዲህ ያለ ሰው...»

«ሰው ስለሆነ ነው የሚገባው።»

ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ሱሪዬን እንዳላየች ሆነች፤ ሹራቧን አውልቃ ጭኔ ላይ ጣል አደረገችልኝና እስክሪብቶዋን አዘጋጀች። ጣቶቿ አልደረቁም፤ ውኃ ላይ እንዳለ ቅጠል ይንሳፈፋሉ።

«ይናገሩ ቲቸር» አለችኝ። «የነገሩኝን እጽፋለሁ፤ ከራሴ አንዲት ቃል አልጨምርም። አይቸኩሉ። ግማሽ ሰዓት ተጨምሮልናል።»

አፌን ከፈትኩ።

በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት ምን እንዳሰብኩ ፈለግሁ። አንደኛው ቀን፣ መሳቢያውን ዘጋሁ። ሁለተኛው ቀን፣ ሌሎች ልጆችም እንዲህ ይጠይቁ ይሆናል ብዬ ተበሳጨሁ። ሦስተኛው ቀን፣ ጌጡ ያስተማራት ልጅ ስሟን መጻፍ አትችልም ይሉኛል ብዬ አሰብኩ። አራተኛው ላይ የልቅሶ ቤት ነበረብኝ። የቀሩትን ባገላብጥ እኔ አለሁበት፣ ስሜ አለበት፣ ጽሑፌ አለበት፤ እሷ የለችበትም።

«ይናገሩ እንጂ ቲቸር።»

«ስለ አንቺ...» አልኩ።

«'ስለ አንቺ' ብዬ ጽፌአለሁ። ቀጥሎስ?»

እጅ ተሰጥቶኝ ቃል አጣሁ። እሷ ግን ጠበቀችኝ። ፊቷ ላይ ንቀት ብፈልግ አጣሁ፤ ንቀት ባገኝ ይሻለኝ ነበር። አዳራሹ መሳቁን ትቷል፤ ዶሮዎቹ ዓይናቸውን ሳይሰብሩ ያዩኛል፤ የግድግዳው ሰዓት ወደ ኋላ ይቆጥራል። ደቂቃው ባለቀ ቁጥር እሷ ከራሷ ሰዓት ላይ ቆንጥራ ትጨምርልኛለች።

«ባዶውን ላስረክብልዎት?» አለችኝ በመጨረሻ፤ በጣም ቀስ ብላ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማብኝ። «ቲቸር?... ቲቸር!»

ነቃሁ። ረውዳ ከጠረጴዛዬ ማዶ ቆማለች። ክንዴ ደንዝዟል፤ እጅጌዬ በለሃጭ ርሷል።

«ይቅርታ ቲቸር፣ ቀሰቀስኩዎት።»

ፈጥኜ ሱሪዬን ዳሰስኩ፤ ደረቅ ነው። ሰዓቴን አየሁ፤ ለዘጠኝ ሃያ አምስት ጉዳይ። ከፊቴ ያለችው የአስተያየት ወረቀት እንዳለች ናት። ሳላስብ፣ ሳላስጌጥ፣ በደነዘዘ እጄ «ልጅቷ ታውቃለች። የሚያቅታት መጻፍ ብቻ ነው። የተጠየቀው ድጋፍ ሁሉ ይሰጣት» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ከልቤ ላይ ድንጋይ የተነሣልኝ መሰለኝ።

«በይ ነይ፣ አብረን እናስገባው» አልኳት።

አልተንቀሳቀሰችም። እጇ ውስጥ አራት የተጨማደዱ ወረቀቶች አሉ።

«ማመልከቻዬን መለሱብኝ። ይኸው አራተኛዬ ነው። 'አይነበብም' ይላሉ።»

ተያይዘን ወደ መዝገብ ቤት ሮጥን። መዝገብ ቤት የምትሠራው ወይዘሮ ዘነቡ በመስኮቱ በኩል የእኔን ወረቀት ተቀበለችኝ፤ በዚያች በደነዘዘች እጄ የጻፍኩትን አይታ እንኳ «ይህ እጅ አያረጅም እኮ!» አለች። የረውዳን ግን ገፋ አደረገችው።

«ይህ አይነበብም መምህር።»

«ወይዘሮ ዘነቡ፣ ልጅቷ የምታመለክተው እኮ መጻፍ ስለሚያቅታት ነው።»

«ይገባኛል። እኔም ልጅ አለኝ። ግን ምን ላድርግ?»

«አምጪው፣ እኔ ልሙላላት።»

«አይቻልም።» ቅጹን ወደ እኔ አዞረችና የታችኛውን መስመር በጣቷ አሳየችኝ። «አመልካች በራሱ እጅ ግልጽ አድርጎ ይሙላ። የማይነበብ ማመልከቻ ተቀባይነት የለውም» ይላል።

ሳላነበው ነው የማን ጽሑፍ እንደሆነ ያወቅሁት። ፎቶ ኮፒው ቢደበዝዝም እያንዳንዱ ፊደል እንደ ሙሽራ ቆሟል።

«ይህን ማን...» አልኩ።

«እርስዎ ነዎት እንጂ። ዱሮ ለደብተር እርዳታ ጠያቂዎች ብለው ያዘጋጁት ነው። አሁን ለዚህኛው ርእሱን ብቻ ቀየርንለት። በኮምፒውተር እንጻፈው ተብሎ ነበር፤ ይህን የመሰለ ጽሑፍ እያለ ብለን ተውነው።»

«እንግዲያው ልሰርዘው። እኔው ነኝ የጻፍኩት።»

«ማኅተም አለበት መምህር። የሚሰርዘው ኮሚቴው ነው።»

«ኮሚቴው መቼ ነው የሚሰበሰበው?»

ወይዘሮ ዘነቡ ወደ ረውዳ ላለማየት መሳቢያዋን ከፈተች። «ከፈተናው በኋላ።»

ረውዳ ተራ በተራ አየችን። ከዚያ እኔ ሌላ አሥር ዓመት ብኖር በማላገኘው ትዕግሥት «ግዴለም፣ ሌላ ባዶ ቅጽ ይኖራል?» አለች።

«አንዲት ቀርታለች። መብራት ስለሌለ ኮፒ ማድረግ አልቻልንም። አሥራ ሁለት ደቂቃ አለሽ የኔ ልጅ።»

ቅጹን መስኮቱ ደፍ ላይ ዘረጋችው። ጣቶቿ ሲደርቁ አየሁ። ወረቀቱ እንዳይንሸራተትባት በሁለት እጄ ጠርዝና ጠርዙን ያዝኩላት፤ ሕጌ መያዝን አይከለክልም ነበር። ትንፋሿን ውጣ የስሟን የመጀመሪያ ፊደል ጻፈች። ተነበበ። ወይዘሮ ዘነቡ እንኳ በመስኮቱ አጮልቃ «እሰይ» አለች። ረውዳ ወደ ሁለተኛው ፊደል ስትሻገር፣ እኔ ጠርዙን አጥብቄ ስለያዝኩት፣ ወረቀቱ ከመሀሉ ተቀደደ።